ጾመኛዋ ድመት

ቂርቆስ፣ የካቲት 19 ቀን 1988 ዓ.ም.

ያዘች፣ ሪሑ። በመጀመሪያው ሌሊት ያዘች። እሷን ራሷን የሚያህል አይጥ ይዛ፣ ወስዳ እማማ አልጋ ሥር አስቀምጣው አደረች።

ሰላምታውን አሁን ላምጣው፤ ደስታው ቀድሞኝ ነው። እንደምን ሰነበትሽ? አባትሽስ እንዴት ሆኑ? ወንድምሽ ሱሌማን ከቡታጅራ ሲመለስ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ "ደህና ገብታለች፣ አባታችንም ተደግፈው መቀመጥ ጀምረዋል" ብሎኛል። ይማርልሽ። እኛ ደህና ነን። ዘነበም ደህና ነው፤ ማለቴ ዝም ብሏል፣ ባሌ ዝም ካለ ደህና ነው።

"ጀሚላ እንዴት ገባችልሽ?" ብለሽ በሱሌማን ለላክሽብኝ፣ መልሱ ይኸውልሽ። አንቺ እንዳልሽው ሳይሆን እማማ እንዳሉት ነው የገባችው። "ድመት መንገዱን ካየች ትመለሳለች፤ በጆንያ ተከታ፣ ዞራ ዞራ ትምጣ" አሉ። እማማ፣ የሪሐና ቤት እኮ ከጎናችን ነው፣ ግድግዳችን እንኳ አንድ ነው ብላቸው፣ "ቅርብ ስለሆነ ነዋ ይበልጥ መዞር ያለባት" አሉኝ። እናቴ ቢሆኑ እከራከር ነበር፤ አማት ሆኑብኝ። በቃ፣ ዘነበ ድመትሽን በጆንያ ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያኑን ዞሮ፣ በገበያው አቋርጦ፣ ከተነሳበት በር አጠገብ ደረሰ። ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ አየው። አንዱ "ጋሽ ዘነበ፣ ምን ሸምተው ነው?" ቢለው "ድመት" አለው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቃል አልተነፈሰም።

አይጡን ጠዋት ያገኙት እማማ ናቸው፤ ዓይናቸው ስለማያይ በከዘራቸው ነካ አደረጉትና "አይናለም፣ ይሄ የማን ካልሲ ነው?" አሉኝ። ምን እንደሆነ ስነግራቸው በከዘራቸው ደግመው ለኩት። ከዚያ "ይበል" አሉ። እማማ "ይበል" ያሉበትን ቀን ከዚህ በፊት አላስታውስም።

ለምን እንዲህ እንደምደሰት ታውቂያለሽ። ማታ ማታ አይጦቹ ኮርኒሱ ላይ ሲጋልቡ፣ ወርደው ብርድ ልብሳቸው ላይ ሲሄዱ፣ እማማ እንቅልፍ ካጡ ከረሙ። ሌላው ልጃቸው ታዲዎስ ደግሞ በመጣ ቁጥር "መስቀል ፍላወር እኔ ጋ ይምጡ፣ የእኔ ቤት ሲሚንቶ ነው፣ አይጥ አድራሻውን አያውቀውም" ይላቸዋል። እስከ ዛሬ እንቢ ብለዋል። ድመቷ ከተስማማቻቸው እንቢ እንዳሉ ይኖራሉ።

ሌሊት ትንሽ ታለቅሳለች። አዲስ ቤት ሆኖባት ነው፤ ይለቃታል።

አይናለም

*

ቂርቆስ፣ የካቲት 27 ቀን 1988 ዓ.ም.

ሪሑዬ፣ ለአባትሽ ሰላምታዬን አስቀድሚልኝ። የላክሽው በርበሬ ደርሶኛል፤ ቀለሙ ልብ ያስደስታል።

"ትንሽ ታለቅሳለች ስትዪ ምን ያህል ነው?" ብለሽኛል። ትንሽ ያልኩት እንዳትጨነቂ ነው። ቀን ሙሉ ካርቶኗ ውስጥ ተጠቅልላ ትተኛለች፤ ሬሳ ናት። መብራት ስናጠፋ ትነሳለች። አይጥ መያዙንም ከዚያች ሌሊት በኋላ ትታዋለች። ሌሊቱ ሲገፋ እማማ አልጋ ራስጌ፣ ወደ እናንተ ቤት ወዳለው ግድግዳ ፊቷን አዙራ ትቀመጥና ትጮኻለች። እንዴት ያለ ጩኸት መሰለሽ፣ ጡት የከለከሉት ሕፃን ነው የምትመስለው።

እኔ ርሃብ መሰለኝ። ሁዳዴ ነው፤ ቤታችን ወተት የለ፣ ሥጋ የለ፣ እማማም የጾም ድስታቸውን የፍስክ ነገር እንዲነካባቸው አይፈልጉም። ሽሮ ፈትፍቼ ሰጠኋት። አሸተተችው፤ ከዚያ ኩሷን እንደምትቀብር ሁሉ ወለሉን በጥፍሯ እየቧጨረች ልትቀብረው ሞከረች። እማማ ድምፁን ሰምተው "ምን እያደረገች ነው?" ሲሉኝ "እየጸለየች" አልኳቸው።

ስለዚህ ከቢሮ ስወጣ ከካዛንቺስ ሜክሲኮ ድረስ ሄድኩ። የእኛ ሉካንዳዎች ለጾሙ ተዘግተዋል፤ ሙክታር ግን አልዘጋም። ሳንባ ስጠኝ ስለው ነጠላዬን አየ፣ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አየ።

"እትዬ፣ በሁዳዴ?"

"ለድመት ነው።"

"ሁሉም ለድመት ነው የሚሉት" አለና በጋዜጣ ጠቀለለልኝ።

በራችን ላይ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? ወይዘሮ ሸዋአየሁን። የዕድራችንን ወሬ ሁሉ አከፋፋይ መሆኗን አንቺም ታውቂያለሽ። ፌስታሉ ያንጠባጥባል። "ምን ይዘሻል አይናለም?" ስትለኝ ቲማቲም ነው ብላት ምን ነበረበት? "ሳንባ" አልኳት። "ለማን?" ሳትለኝ አልፋ ሄደች። እሁድ ዕድር ላይ ስደርስ፣ በወሬው ጾም ፈትቼአለሁ፤ "ከሪሐና ጋር ስትውል ስትከርም" ተብዬ ሃይማኖቴንም ቀይሬአለሁ። ሥጋ ቤቱም የሙስሊም መሆኑን ሳይቀር አውቀዋል።

እማማ ጆሮ ደረሰ። አስጠሩኝ።

"ሥጋ በልተሻል?"

"አልበላሁም እማማ።"

"አውቃለሁ። በልተሽ ቢሆን እስካሁን አውርተሽው ነበር።"

በዚህ ተሳስቀን ተለያየን ብዬ ሳስብ፣ ከኋላዬ "ድመቷ ግን ሰው እየጠራች ነው" አሉ። ማንን ነው የምትጠራው ብላቸው፣ "እዚህ ቤት ለመጠራት የደረሰ ማን አለ?" አሉኝ። ሳንባውን በልታ እንኳ ያን ሌሊት እዚያው ግድግዳ ሥር ሆና ጮኸች። በማግስቱ ለታዲዎስ "ከፋሲካ በፊት መጥተህ ውሰደኝ" ብለው ልከውበታል። እሱ ለሆሳዕና እመጣለሁ ብሏል።

ድመቷን መልሽ ቢሉኝ ወዴት ነው የምመልሳት? አንቺ ጋ እንዳልልክ የአባትሽ ሳል አለ፤ የድመት ጸጉር እንደማይስማማቸው ነግረሽኛል። እማማም ከሄዱ ደግሞ እኔ በዚህ ቤት ከማን ጋር ነው የማወራው? ልጅ አልሰጠኝ። ዘነበን ታውቂዋለሽ። ከሃያ ዓመት በላይ ያወራሁት ከእሳቸው ጋር ነው፤ ከዚያም ከአንቺ ጋር፣ በግድግዳው ወዲያና ወዲህ።

የምታውቂው ዘዴ ካለ ጻፊልኝ። ቤትሽንስ መቼ መጥተሽ ትከፍቺዋለሽ?

አይናለም

*

ቡታጅራ፣ መጋቢት 4 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለእህቴ አይናለም፣ ሰላም ለቤትሽ ሁሉ ይሁን። ሱሌማን መኪናውን አስነስቶ እየጠበቀኝ ስለሆነ አጭር እሆናለሁ፤ ብጠበቅም አጭር ነኝ፣ ታውቂኛለሽ።

የሙክታርን ነገር ለአባቴ አነበብኩላቸው። ከወደቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። በእኔ ድመት የተነሳ ስምሽ መነሳቱ ግን አሳፍሮኛል፣ ይቅር በይኝ።

ለጀሚላ ይህን አድርጊ። የቤት ሻሼን ልኬልሻለሁ፤ ሳታጥቢው ካርቶኗ ውስጥ አንጥፊላት፣ ጠረኔን ስታገኝ ትረጋ ይሆናል። ካርቶኑን ሰው ከሚተኛበት አታርቂው። ስትጮኽ አትቆጧት፣ መብራትም አታብሩባት። በሩን ግን ለጊዜው ዝጉ።

ስለ ቤቴ ለጠየቅሽኝ፣ ቁልፉን ለቀበሌ አስረክቤያለሁ። ከመውጣቴ በፊት ልነግርሽ በርሽ ድረስ መጥቼ ነበር፤ ስለ አይጦቹ ስታወሪኝ ሳልነግርሽ ተመለስኩ። አባቴ ቢድኑም እዚህ ሱቃቸውን የሚይዝላቸው የለም።

አንድ ነገር ንገሪኝ። የምትጮኸው ስንት ሰዓት ላይ ነው?

ሪሐና

*

ቂርቆስ፣ መጋቢት 13 ቀን 1988 ዓ.ም.

ሪሑ፣ እንደምን አለሽልኝ።

ስለ ቁልፉ የጻፍሽውን ደግሜ አነበብኩት። እሱን ሌላ ቀን እንጽፋለን።

ሻሽሽ ደርሷል። ቀን ቀን ተጠቅልላበት ትተኛለች፤ ሌሊት ግን እንደ ወትሮው ነው። ይህን የሰማች ሸዋአየሁ፣ ስሜን ያጠፋችውን ለመካስ ይሁን አላውቅም፣ ጠበል በጆግ ይዛ መጣች። "ክፉ መንፈስ ቢኖርባት ይለቃታል" ብላ ረጨቻት። ድመት ውሃ እንደማትወድ የነገራት የለም። ጀሚላ በመጋረጃው ወጥታ፣ ኮርኒሱን ቀዳ ገባች። እንደምታውቂው ኮርኒሳችን አቡጀዲ ነው፤ ዘነበ ወንበር ላይ ቆሞ በእግሯ ይዞ እስኪያወርዳት ድረስ ቤቱ በአቧራና በአይጥ ኮተት ተሞላ። ሸዋአየሁ "ይኸው ለቀቃት" አለች። ዘነበ ከወንበሩ ሲወርድ "አንድ ነገር ይደረግ" አለ። ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም፤ ነገሩ እንደከበደ ያኔ ገባኝ።

እማማ ነጠላቸውን አሳጥበውኛል። የሚሄዱበት ልብስ በአንሶላ ተቋጥሮ አልጋቸው ግርጌ ተቀምጧል። ምንም አላልኩም። እኔ ምንም ሳልል ስቀር እሳቸው ይጨነቃሉ፤ "አሞሻል?" አሉኝ።

አሁን ደግሞ ዋናውን ስሚ። ደብዳቤሽን እንደ ሁልጊዜው ጮክ ብዬ እያነበብኩላቸው ነው። "የምትጮኸው ስንት ሰዓት ላይ ነው?" የሚለው ላይ ስደርስ፣

"አሥር ሰዓት ላይ" አሉ።

"ሰዓት አያዩ፣ በምን አወቁት እማማ?"

"ድስት በሚንኳኳበት ሰዓት ነዋ።"

"የምን ድስት?"

"የሪሐና ድስት። በረመዳን ሌሊት ትነሳ አልነበር? ራስጌዬ እኮ ነው። መጀመሪያ ድስቱ፤ ከዚያ ውሃ ሲቀዳ፤ ከዚያ ያቺ ድመት አንዴ ታለቅስና ዝም ትላለች፣ ጉርሻዋን ስታገኝ ነው። እኔንም ከዚያ በኋላ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። የነቃ ሰው አለ ብዬ።"

ይህን ብለው ራሳቸው ያሉትን መልሰው የሰሙት መሰለኝ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ስጠጋ ለካ እየሳቁ ነው።

"አይናለም፣ ይቺ እኮ ሰው እየጠራች አይደለም። ሱሁሯን እየጠበቀች ነው። ረመዳን መውጣቱን ማን ነገራት?"

"እኛማ ያስገባናት ሁዳዴ ውስጥ ነው።"

"ከጾም ወደ ጾም" አሉ። "እኔ ደግሞ ሟርተኛ ብዬ ስሟን አጠፋሁ። ጾመኛ ናት እንጂ።"

ነገሩ እንዲህ ይሆን? ረመዳን ሲገባ ስንት ወሯ ነበር? ምን ትሰጫት ነበር? ቶሎ መልሺልኝ፣ ሆሳዕና እየደረሰ ነው። እማማ ስቀዋል እንጂ ጥቅላቸውን አልፈቱም። "ነገሩ ገብቶኛል፣ እንቅልፍ ግን በመግባባት አይመጣም" ነው የሚሉት።

አይናለም

*

ቡታጅራ፣ መጋቢት 20 ቀን 1988 ዓ.ም.

አይናለም፣ እማማ ያሉት ልክ ነው።

ከአክስቴ ቤት ሳመጣት ጡት እንደተወች ነበር፤ ረመዳን በሳምንቱ ገባ። ቀን ቤቴ እሳት አይነድም፣ የሚበላ የለም፣ እሷም መተኛት ለመደች። ማታ ሳፈጥር ከእኔ ጋር ትበላለች፣ ለሱሁር ስነሳ ከእኔ ጋር ትነሳለች። ሌላ ኑሮ አታውቅም። እኔው አስለምጄ፣ እኔው ረስቼ፣ እናንተን አደከምኩ።

አሁን እንዲህ ይሁን። በለመደችው ሰዓት ድስት አንኳኩላትና ትንሽ ነገር ስጧት፤ ሳትጮኽ በፊት ይሁን፣ ከጮኸች በኋላ ከሆነ ጩኸቱን ነው የምትማረው። ስትረጋ፣ ድስቱን በየሌሊቱ ትንሽ ትንሽ አዘግዩት፤ ከንጋት ጋር እስኪገናኝ። ቀን ደግሞ ብዙ አታስተኟት፣ ገመድ ጎትቱላት፣ ትሩጥ። ማን እንደሚነሳ ግን እናንተ ተነጋገሩ። አንቺ እንኳ አትሆኚም፤ ግድግዳ ስደበድብ የማትሰሚ ሰው ነሽ።

እማማ ድስቴን እንደሚሰሙ አላወቅሁም ነበር። እንዳልቀሰቅሳቸው ብዬ ክዳኑን በጨርቅ ነበር የምይዘው። ዛሬ እዚህ ድስት ሳወርድ ጨርቁን ተውኩት።

አባቴ በምርኩዝ እስከ በሩ ሄደዋል። አልሐምዱሊላህ።

ሪሐና

*

ቂርቆስ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 1988 ዓ.ም.

ተኝታ አደረች፣ ሪሑ፤ እማማም ተኝተው አደሩ። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ዝምታው ከለከለኝ። ሁለት ጊዜ ተነስቼ ሄጄ ትንፋሻቸውን አዳመጥኩ፤ የድመቷን እግራቸው ሥር፣ የእሳቸውን ትራስ ላይ።

እንግዲህ ሰላም ለአንቺ ይሁን፣ ለአባትሽም፣ ለምርኩዛቸውም።

"ማን ይነሳል አላችሁ?" ብለሽ በሱሌማን ለጠየቅሽኝ፣ መጀመሪያ ዘነበ "እኔ" አለ። ድስቱን ታቅፎ ተኛ፤ ታቅፎት ነጋ። ድመቷ ጮኸች፣ እማማ ጮኹ፣ እሱ ብቻ አልሰማም። ጠዋት እማማ "ድስቱን ለእኔ ስጡኝ" አሉ። "ለእኔ ቀኑም ሌሊቱም አንድ ነው፤ አሥር ሰዓት ላይ ነቅቼ ነው ራሴን የማገኘው።" የጾሙን ድስት እንዳይነካ ለእሷ ብቻ አንድ አሮጌ ብረት ድስት አበጀን። ሳንባውን ማታ ቀቅዬ እተውላቸዋለሁ፤ በሌሊት በዳበሳ ያነሱታል፣ በማንኪያ ያንኳኳሉ፣ ይሰጧታል።

ማዘግየቱን እንዴት እንዳደረጉት ስነግርሽ አትስቂ። ሰዓት አያዩ። ስለዚህ ዳዊት ጀመሩ፣ በቃላቸው። በመጀመሪያው ሌሊት አንድ መዝሙር ደግመው አንኳኩ። በማግስቱ ሁለት። እንዲህ እያሉ በየሌሊቱ ጨመሩ፤ ድመቷም ፊታቸው ተቀምጣ ትጠብቃለች። በልጅነታቸው አባታቸው ካስጠኗቸው አብዛኛው የጠፋባቸው ይመስላቸው ነበር፤ አሁን ተራ በተራ እየመጣላቸው ነው። ሸዋአየሁ ሰምታ "ለድመት ዳዊት ያስደግማሉ አሉ" ብላ አውርታለች። እማማ "ንገሯት፣ ድመቷ እንደ እሷ አታዛጋም" አሉ። በመጨረሻ የሚያውቁት ሁሉ አልቆ ዝም ሲሉ ነግቶ ነበር። ከትናንት ወዲያ ሌሊት ደግሞ እሷም አልተነሳች፣ እሳቸውም አልተነሱ። አይጥ መያዙንም ጀምራዋለች፤ በመሸ ጊዜ ትይዝና ትተኛለች፣ እንደ ሠራተኛ።

ታዲዎስ ለሆሳዕና መጣ፣ እንደ ቃሉ። መኪናውን በር ላይ አቁሞ፣ ጥቅሉን ለማንሳት ጎንበስ ሲል እማማ ከዘራቸውን ጥቅሉ ላይ አደረጉ። እኔ ጓዳ ነበርኩ። የምሠራው ነገር አልነበረኝም፣ ግን ጓዳ ነበርኩ።

"ተወው፤ አይናለም ቁምሳጥን ውስጥ ትመልሰዋለች" አሉት።

"እማዬ፣ ለድመት ብለው ነው የሚቀሩት?"

"አንተ ቤት ሌሊት የሚነቃ ማን አለ?"

"ዘበኛ አለ እኮ።"

"ዘበኛ ድስት አያንኳኳም።"

ታዲዎስ ወደ ዘነበ ዞረ። ዘነበ ትከሻውን ሰበቀ። ወደ እኔ ሲዞር እኔ ጥቅሉን እየፈታሁ ነበር። ደህና ቋጥሬው ኖሮ መፍታቱ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ሦስቱም ቆመው ጠበቁኝ። ቅሬታ እንዳይዘው ምሳ አብልተን ሸኘነው። ሲወጣ ጀሚላ የጫማውን ክር ስትጎትት አገኛትና "ይቺ ናት?" አለ። "እሷ ናት" አልኩት።

ስለ ቤትሽ ሌላ ቀን እንጽፋለን ብዬሽ ነበር፤ ልጻፈው። እስካሁን ሰው አልገባበትም። እማማ "የሚገባው ሰው ደህና ሰው ይሁን፣ ድስትም ይኑረው" እያሉ ነው። እኔ ግን በዚያ ግድግዳ ወዲያ የሚመጣ ሰው ማንም ይሁን ማን፣ እንደ አንቺ እስክለምደው ድረስ ከአንቺው ጋር በደብዳቤ ነው የማወራው፤ ሱሌማንን ንገሪው፣ ገና ብዙ ይመላለሳል።

አሁን የምጠራሽበትን ስሚ። እማማ ደግሰዋል። እኔ አይደለሁም፣ እሳቸው ናቸው። "እንቅልፌ የተመለሰበት ነው፤ ለልደትም ለሰርግም አትበሉት፣ ብቻ ይብላ ሰው" አሉ። ለእናንተ በግ ሙክታር ራሱ መጥቶ ያርዳል፤ ባለቤቱ በገዛ ድስቷ፣ በገዛ ቢላዋዋ ትሠራዋለች፣ የእኛ ዶሮ ጓዳ፣ የእናንተ በረንዳ ላይ፣ እንዳይነካካ ገመድ እዘረጋለሁ። ለጀሚላ ከየትኛው ይሰጣት ብዬ ብጠይቃቸው "እሷ በሁለቱም ጾማለች" አሉኝ። ሸዋአየሁም ተጠርታለች፣ ታዲዎስም ከነሚስቱ፣ የቢሮ ሰዎቼም። አባትሽ መኪና ውስጥ መቀመጥ ከቻሉ ሱሌማን ቀስ ብሎ ያምጣቸው፤ ድመቷን ለዚያን ቀን ሸዋአየሁ ቤት አሳድራታለሁ፣ ሳላቸው እንዳይነሳ። ለአረፋ ደግሞ እኛ ወደ እናንተ እንመጣለን፣ ዘነበም "እሺ" ብሏል።

ቀኑ እሁድ ነው፣ ዳግም ትንሣኤ፣ ሚያዝያ 13። ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ እኛ ቤት። አንድ ሰው እንዳይቀር።

አይናለም